ሐኪሟ አምስት፣ ወረፋው ሁለት

ይህን የምጽፈው እጃቸው ላይ የወጣ ነገር አልድን ብሎ ከቦታ ቦታ ለሚንከራተቱ ሰዎች ነው። የምነግራችሁ የቆዳ ክሊኒክ ከቴዎድሮስ አደባባይ በታች፣ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ፣ አንድ ያረጀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ስሟን አልጠራም። ስለ ወረፋዋና ስለ እንግዳ ተቀባዮቿ የምለው ነገር ደስ የሚል ስላልሆነ፣ ስም ማንሳቱ ይቅርብኝ። ኮከብ ስጪ ብባል ለሐኪሟ አምስት፣ ለዋጋው ሦስት፣ ለወረፋው ሁለት እሰጣለሁ። ለደረጃው ምንም። ሊፍት አለ፤ ሲሠራ ግን አይቼው አላውቅም።

እኔ ዓሣ ቤት ነው ያለኝ። ጉላሽ፣ ጥብስ፣ ለብለብ እንሠራለን። ዓሣው ከዝዋይና ከአርባ ምንጭ ይመጣልኛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ቤቱ ጢም ይላል። ልጆች ቀጥሬያለሁ። ፊሌቶ ማውጣቱን ግን ለማንም አልሰጥም፤ ሥጋውን አጥንት ላይ ትተውት ይጥሉታል። ስለዚህ ቢላውም እኔ ጋ ነው፣ እሾሁም የሚወጋው እኔን ነው። ቆሮሶ ጀርባው ላይ ያለው እሾህ ምን እንደሚያደርግ የሠራበት ያውቀዋል።

ከነዚያ ውጊያዎች አንዱ ቀኝ እጄ ላይ፣ ሌባ ጣቴ አንጓ ጋ፣ ትንሽ ጉብታ ትቶ ሄደ። አያምም፣ አያሳክክም። ቀላ ብሎ ወደ ሐምራዊ ያደላል። ሲቆይ ላዩ ተሰነጠቀና ቅርፊት ያዘ። ቀጥሎ የእጄ ጀርባ ላይ ሌላ ወጣ። ከዚያ ደግሞ ከእጅ አንጓዬ ከፍ ብሎ ሌላ። ልክ በመስመር የተተከሉ ይመስል ወደ ላይ እየወጡ ነበር።

ወደዚህች ክሊኒክ ከመምጣቴ በፊት የሆነውን ቶሎ ልለፈው። አንድ ፋርማሲ ውስጥ ያለው ልጅ ከመስኮቱ ማዶ ሆኖ አየኝና «ችፌ ነው» ብሎ ቅባት ሸጠልኝ። ቅባቱ ስቴሮይድ ነበር። ቅላቱ ለጥቂት ቀን በረድ አለ፣ ከዚያ ባሰበት። ሌላ ቦታ አሞክሳሲሊን ታዘዘልኝ፤ ጨረስኩት፣ ጉብታው እዚያው ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ቁንጭር ነው ተባልኩ። እነዚህን ብዙም አልቀየማቸው። ቁንጭር ደጋው አገራችን ላይ ያለ በሽታ ነው፣ በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፣ ቁስሉም ከኔው ጋር ይመሳሰላል። የከፋኝ ናሙና ሳይወስዱ መርፌ ሊጀምሩልኝ መሆኑ ነው። ጎረቤቶቼ በበኩላቸው በሹክሹክታ ሥጋ ደዌ አድርገውት አርፈዋል። ምግብ ለምትሸጥ ሴት ይህ ወሬ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደ ክሊኒኳ። ዶክተሯ ወጣት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ ከአጉሊ መነጽርና ከአንድ ደብተር በቀር ምንም የለም። እጄን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረችውና ከሁሉ በፊት የጠየቀችኝ ይህን ነው፦

«እጅዎ ምን ሲሠራ ይውላል?»

ሌሎቹ መቼ እንደወጣና ያመኝ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ሥራዬን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ዓሣ ቤት እንዳለኝ ስነግራት ወንበሯን ጠጋ አደረገች። ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። ዓሣው ከሐይቅ ነው? እሾህ ይወጋዎታል? ቤትዎ የጌጥ ዓሣ አለ? ድመት ቧጭሮዎት ያውቃል? ጽጌረዳ ይተክላሉ? ጥሬ ሥጋ፣ ቆዳ፣ የሞተ ከብት ነክተዋል? በመሃል «ልጄ፣ እኔ እኮ ለእጄ ነው የመጣሁት» አልኳት። ሳቀች እንጂ አላቆመችም።

የእያንዳንዱን ጥያቄ ምክንያት በኋላ አስረዳችኝ። ከጽጌረዳ እሾህ የሚገባ ፈንገስ አለ፤ ልክ እንደኔ በክንድ ላይ መስመር ሠርቶ ይወጣል። የድመት ጭረትም የራሱ ባክቴሪያ አለው። የሞተ ከብት ያለችው አባ ሰንጋን ለማጣራት ነው። አባ ሰንጋ ቆዳ ላይ ሲወጣ ሕመም የለውም፣ መሃሉ ጥቁር ቅርፊት ይይዛል፣ ዙሪያው ያብጣል። ግን በቀናት ውስጥ ነው የሚገሰግሰው፤ የኔ እንደዚያ አልፈጠነም። ሥጋ ቆራጮችንና ዓሣ ሠሪዎችን የሚይዝ ሌላም አለ፣ ኤሪሲፔሎይድ ይሉታል። እሱም በተወጋ ቆዳ ነው የሚገባው። ጣትን ሐምራዊ አድርጎ ያሳብጣል፣ ያቃጥላል፣ በቀናት ውስጥ ይታያል። በፔኒሲሊን ደህና አድርጎ ይድናል። የኔ ግን ዝግተኛ ነው፣ አያቃጥልም፣ አሞክሳሲሊኑም አልነካውም። «ስለዚህ እሱን ወደ ኋላ አደረግሁት» አለችኝ። አንድ ሐኪም አንድን በሽታ ለምን እንደተወው ሲያስረዳኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

የጠረጠረችው ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ባክቴሪያ ነው። የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ባክቴሪያዎች ዘመድ ነው። ይህን ስትለኝ ፊቴ ሳይለዋወጥ አልቀረም፤ ወዲያው «ዘመድ ነው እንጂ እነሱን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም» አለችኝ። ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ ጨዋማም ይሁን የሐይቅ። ዓሣን ያሳምማል። ወደ ሰው የሚገባው በተቧጨረ ወይም በተወጋ ቆዳ ነው። የበሰለ ዓሣ በመብላት አይይዝም። ይህችን የመጨረሻዋን አስደገምኳት። ለደንበኞቼ የምናገረው እሷን ነውና።

ለምን እጅ ላይ ብቻ እንደሚቀመጥም ነገረችኝ። ይህ ባክቴሪያ ሙቀት አይወድም። ደህና የሚያድገው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የሰውነታችን 37 ይበዛበታል። እጅና እግር ደግሞ ከሌላው አካል ቀዝቀዝ ይላሉ። እዚያው ይከርማል። ሲብስ ግን ወደ ጅማትና ወደ መገጣጠሚያ ይዘልቃል። ለዚህ ነው ጣቶቼን አንድ በአንድ ያሳጠፈችኝና ራጅ ያዘዘችው። ደግነቱ ቆዳው ላይ ብቻ ነበር።

ቤት ገብቼ ሳነብ ባክቴሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው በፈረንጆቹ 1926 ፊላደልፊያ ውስጥ፣ አኳሪየም ውስጥ ከሞቱ ዓሦች ነው። ሰው ላይ በሽታ ማምጣቱ የታወቀው ደግሞ በ1951 ስዊድን ውስጥ ነው፤ የመዋኛ ገንዳ የተጠቀሙ ሰዎች ላይ። ዛሬ ገንዳ በክሎሪን ስለሚታከም በብዛት የሚያገኛቸው የጌጥ ዓሣ የሚያረቡትንና እንደኔ ዓሣ የሚሠሩትን ነው። አልፎ አልፎ የሚገኝ በሽታ ስለሆነ ብዙ ሐኪም ቶሎ አያስበውም፤ ሰው በተሳሳተ መድኃኒት ወራት ይገፋል።

ባዮፕሲው እዚያው ክሊኒኳ ውስጥ ነው የተሠራው። የማደንዘዣው መርፌ ይቆጠቁጣል፣ ከዚያ ምንም የለም። ከቅርፊቱ ዳር ትንሽ ቆዳ ቆርጣ ወሰደችና ለሁለት ከፈለችው። አንደኛው ፎርማሊን ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ገባ፣ ለፓቶሎጂ፣ ማለትም በአጉሊ መነጽር ለሚታየው ምርመራ። ሁለተኛው ንጹሕ የጨው ውሃ ውስጥ፣ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አብቅሎ ለማየት። ነርሷ ሁለቱንም ፎርማሊን ውስጥ ልትከት ስትል ዶክተሯ እጇን ያዘቻት። ፎርማሊን ባክቴሪያውን ስለሚገድለው ከዚያ በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ አይበቅልም። እኔ ከዚህ ክሊኒክ የገዛሁት ዕውቀት ቢቆጠር ግማሹ እዚህች ቅጽበት ላይ ነው። ቆዳችሁ ሲቆረጥ «ለካልቸር የሚሆን አስቀርታችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ድፍረት አይደለም፤ ሁለተኛ ከመቆረጥ ያድናል።

ቀሪው ግማሽ የላብራቶሪው ወረቀት ላይ ነው። ዶክተሯ በቀይ እስክሪብቶ «30 ዲግሪ ላይ ይቀመጥ» ብላ ጻፈችና ከሥሩ አሰመረችበት። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ የነቀርሳ ናሙና የሚያሳድጉ ላብራቶሪዎች የለመዱት 37 ዲግሪ ነው አለች። የኔው ባክቴሪያ እዚያ ሙቀት ውስጥ ቢገባ ላያድግ ይችላል። ውጤቱ «ምንም የለም» ተብሎ ይመጣል፣ እኔም ነጻ ነሽ ተብዬ እሸኛለሁ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የማሽን ምርመራም ቢሠራልኝ የሚፈልገው የነቀርሳን ባክቴሪያ ነው፤ ኔጌቲቭ ቢል ለኔ ብዙ ትርጉም የለውም። ከዚያ ለላብራቶሪው ደውላ በቃሏም ነገረቻቸው። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር፤ ለኔ ታይታ ብላ እንዳልደወለች አውቃለሁ።

ፓቶሎጂው ቀድሞ ደረሰ። ግራኑሎማ፣ ማለትም ሰውነት የሚታገለውን ነገር ከቦ የሚሠራው የሴሎች ጉብታ፣ አለ፤ የቁንጭር ጥገኛ ግን አልታየም። በልዩ ቀለም የተፈለገው ባክቴሪያም አልታየም። እኔ ደነገጥኩ፣ እሷ ግን አልገረማትም። በዚህ በሽታ ቁስሉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ጥቂት ስለሆነ በአጉሊ መነጽር ብዙ ጊዜ አይገኝም። ካልቸሩ ሳምንታት ይፈጃል፣ እስከ ስድስት ሳምንት ሊጠበቅ ይችላል። መድኃኒቱን ግን እስከዚያ አላቆየችብኝም፤ ናሙናው በደህና ከተወሰደ በኋላ ክላሪትሮማይሲንና ዶክሲሳይክሊን ጀመረችልኝ። ለዚህ በሽታ ሁሉም ሐኪም የሚስማማበት አንድ መድኃኒት የለም። እንደ ቁስሉ ጥልቀትና እንደ ሰውየው ይመረጣል። ስለዚህ መጠኑን እዚህ አልጽፍም፤ የኔን አይታችሁ ፋርማሲ እንዳትሄዱ።

ካልቸሩ በመጨረሻ ደረሰ። ስልኳ ላይ ፎቶውን አሳየችኝ። ጨለማ ውስጥ ነጣ ያለ ነገር ነበር፤ ብርሃን ሲያገኝ ቢጫ ሆኗል። ባክቴሪያውን ከሚያሳብቁት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ነገር እንደዚያ ያማረ ቢጫ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ሁለት ነገር ልበል። ክላሪትሮማይሲን አፍን ብረት ብረት ያሰኛል። ለሌላው ሰው ቀላል ነው። ለኔ ግን ወጥ የምቀምስበት ምላስ ነው! ጨው ማስተካከሉን ለዋናዋ ረዳቴ ሰጠኋት። «እትዬ፣ ትንሽ ጨመር አላደርግም?» እያለች የጉላሹን ጨው አሳድጋዋለች፤ ደንበኛም የወደደው ይመስላል፣ እንዲሁ ቀጥሏል። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ፀሐይ ያስጠላል። ነጠላዬን ሳልከናነብ ገበያ አልወጣም። በብዙ ውሃ መዋጥ አለበት፣ ውጦ ወዲያው መተኛት ክልክል ነው፤ ጉሮሮን ያቆስላል። ከወተት ጋርም አይሄድም። ጾም ላይ ስለነበርኩ ጠዋት መዋጡ ከበደኝ። ዶክተሯ አልተቆጣችኝም፣ «ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው፣ ሰዓቱን አብረን እናስተካክላለን» አለችኝ። አባም ፈቀዱ።

ከሁሉ የሚከብደው ርዝመቱ ነው። ወራት ይፈጃል። ቆዳው ከጠራ በኋላም አንድ ሁለት ወር ይቀጥላል። እጄ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ኪኒን መግዛት እንዴት እንደሚያናድድ! እዚህ ላይ ነው የዚህች ክሊኒክ ክትትል የታየኝ። በቀጠሮዬ ባልገኝ ዶክተሯ ራሷ ደውላ «መድኃኒቱን አቋረጡ እንዴ?» ትላለች። እጄን በመጣሁ ቁጥር በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፣ ከበፊቱ ጋር አስተያይታ ታሳየኛለች። አሁን የቀረው ቀለል ያለ ጠባሳ ነው።

ማመስገኑ እዚህ ላይ ይብቃ።

ወረፋው ያማርራል። ዶክተሯ የምትገባው ከሰዓት ነው። ቁጥር የሚሰጠው ግን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ሥራ ያለው ሰው ጠዋት መጥቶ ቁጥር ይይዛል፣ ተመልሶ ይሄዳል፣ ከሰዓት እንደገና ሦስት ፎቅ ይወጣል። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፣ «እናቴ፣ አረፍ እያሉ ይውጡ» ይላል። ምክሩ ሊፍት አይሆንም።

እንግዳ ተቀባዮቹ ሰውን በበሽታው ወይም በሥራው ነው የሚጠሩት። «የዓሣዋ ሴትዮ!» ብለው ሲጮሁ ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አጠገቤ የነበሩ አባት «ልጄ፣ ያስይዛል እንዴ?» ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። እንደማያስይዝ አስረዳኋቸው፤ ተራዬ እስኪያልፍ ድረስ። ሌላውን ሰው «የብልቱ» ብለው ሲጠሩት ሰምቼ የኔ ቀላል መሆኑ ገባኝ። ሰው ስም አለው፣ ካርዱ ላይም ተጽፏል።

ዋጋ። ካርዱ ውድ ነው፣ ለዚያውም በ15 ቀን ያልቃል። እንግዲህ አስቡት፤ ክሊኒኳ ራሷ ሳምንታት የሚፈጅ ምርመራ ታዛለች፣ ከዚያ ውጤቱን ለመስማት ስትመጡ ካርድ አልቋልና አዲስ ክፈሉ ትላለች። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ሲስተሙ ነው» አሉኝ። ሲስተሙን የሠራው ሰው ነው። የባዮፕሲውና የካልቸሩ ሂሳብ ለየብቻ ነው፤ ይህን ቀድመው አይነግሯችሁም፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ጠይቁ። ምድር ቤት ያለው የራሳቸው ፋርማሲ ደግሞ ክላሪትሮማይሲኑን ጥቁር አንበሳ አካባቢ ካየሁት ዋጋ አስበልጦ ይሸጣል። ረጅም ሕክምና ስለሆነ ልዩነቱ ይሰማል። ዞር ዞር በሉ። ስትገዙ ግን የኪኒኑ መጠን ሐኪሟ ከጻፈችው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፣ ያለቀ ዕቃ ሲሆን ሌላ መጠን ይሰጣሉ።

ገንዘቡ ለማይመቸው ሰው ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል አለ። ዶክተሯ ራሷ በመጀመሪያው ቀን ነግራኛለች፣ ይህም ነጥብ ያስቆጥርላታል። አለርት በፈረንጆቹ 1965 ለሥጋ ደዌ የተቋቋመ ነው፤ ዛሬ ቆዳ የሚባል ነገር ሁሉ ይታያል። አጠገቡ በ1970 የተቋቋመው አርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። የኔን ዓይነት ባክቴሪያ ዘመዶች ሲያጠኑ የኖሩ ሰዎች ሰፈር ነው። እኔ እዚያ ያልሄድኩት ዓሣ ቤቴን ጥዬ ቀኑን ሙሉ መዋል ስላልቻልኩ ብቻ ነው።

ሥራዬን አልተውኩም። ወፍራም ጓንት እለብሳለሁ፣ ልጆቹንም አስለብሳለሁ። ጣቱ የተቧጨረ ልጅ ዓሣ አይነካም፣ ሂሳብ ይይዛል። የጌጥ ዓሣ ያላችሁም ገንዳውን በባዶ እጅ አትጠቡ።

ይህች ክሊኒክ ለብጉርና ለፎሮፎር የምትሄዱባት አይደለችም፤ ለዚያ ወረፋው አያዋጣም። ሳምንታት ያለፈው፣ በተለመደው መድኃኒት ያልተመለሰ፣ በተለይ በመስመር እየወጣ ያለ ነገር ካለባችሁ ግን ሂዱ። ዋናዋ ሐኪም ማክሰኞና ሐሙስ ናት፤ ቅዳሜ የሚገባው ሌላ ሰው ነው፣ እሱን አላውቀውም። ስልክ ደውላችሁ ቀጠሮ ልትይዙ አትድከሙ፣ አያነሱም። እስካሁን የተቀባችሁትንና የዋጣችሁትን ሁሉ ከነካርቶኑ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ በአንድ አውጥታ ታነበዋለች።